ነጭ ለበጋ፣ ጥቁር ለክረምት

ዓራድ ውስጥ፣ ከጎማ ጥገናው ጀርባ፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣
ከጨው ባሕር ወለል የወጣ ጭቃ አለ፤ እኔ ነኝ የምከፍል።
ቱቦውን በመጋዝ፣ ጭቃውን በቀጭን ሽቦ፣
ለሁለት ስገምሰው ጥለቱ ብቅ ይላል፣ ክር በክር ተስቦ፤
ነጭ ክር፣ ጥቁር ክር፣ ደግሞ ነጭ፣ ደግሞ ጥቁር፣
ከዓይንጋዲ ማዶ፣ ሰው ሳያየው የሸመነው ባሕር።

ነጩ በጋ ነው፤ ፀሐይ ውኃውን ስትመጠው ታች የሚዘቅጥ ኖራ።
ጥቁሩ ክረምት ነው፤ ጎርፍ ከይሁዳ ተራራ
ገደል ለገደል እየተላተመ አፈር አዝሎ ሲመጣ።
የልጅነቴ ክረምት በሐምሌ ነበር። እዚህ በሐምሌ
ደመና አየሁ ብል "ጢስ ነው" ይሉኛል፤
ክረምቱ የሚገባው በኅዳር ነው፣ ካፖርት ደርቦ።
ቃሉን ይዤ መጥቻለሁ። ወሩ እዚያው ቀርቷል።

በመጋቢት አንዲት ተመራማሪ መጣች፣ ከፊንላንድ፣ ከጥድ አገር፤
ስሟ አይኖ። በአፌ ሳላምጠው ዓይን ዓይን አለኝ፤ ሳቄን ዋጥኩት፣ ሳልናገር።
"የኛ ሐይቅ" አለች፣ እጇን ከጭቃው በላይ ዘርግታ፣
"ግማሽ ዓመት በረዶ ከድኖት ይተኛል፣ ጸጥታ በጸጥታ፤
ነፋስ አይነካው፤ ያኔ ነው የላመው ሁሉ የሚሰፍረው።
በግንቦት በረዶው ሲለቅ አሸዋ ይገባል፤ በሰኔ የጥድ ብናኝ፣ ቢጫ፣
ውኃው ላይ እንደ ዱቄት ተነስንሶ።
ሺህ ዓመት ወርጄ ብናኙን እለቅማለሁ፤
ጥዱ ከሳሳ፣ ያኔ ብርዱ ከፍቶ ነበር እላለሁ።
ቴርሞሜትር ያልነበረበትን ቀን
የሚመሰክርልኝ ሌላ ማን አለ?"

ከዚያ ጓንቷን እያወለቀች፣ እንደ ዋዛ፣
"አንቺስ፣ ዕድሜሽ ስንት ነው?"

መታወቂያዬ የፈረንጅ ጥር አንድ ይላል።
ሎድ ስንወርድ ከጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠ ሰው
ፊቴን አየ፣ እስክሪብቶውን ነቀነቀ፣ ጻፈው።
ከሠፈራችን አሥራ ስድስት ነን ያንኑ ቀን የተወለድን፤
ልደት ለማክበር አንድ አዳራሽ ይበቃን ነበር፣ ብንወድ።
እናቴ ይመኙሻል ግን ወረቀቱን አትሰማም፤
"አንቺማ" ትላለች፣ "መገጭ ሞልቶ
የእነ ባይህን በሬ የወሰደ ክረምት ነሽ፤
በዓመቱ አንበጣ መጣ።"

አይኖ አልሳቀችም። "ትክክል ነው" አለች፤
"ጎርፍ፣ በላዩ አንበጣ። እኔም የምቆጥረው እንዲሁ ነው።"

ማታ ሁሉም ሲሄድ መርፌ ይዤ ከላይ ወደ ታች ወረድኩ።
መጀመሪያ ጨው፣ ጨው ብቻ፣ የዮርዳኖስን ውኃ
ለቧንቧና ለእርሻ ከጠለፍነው ወዲህ፤
እዚህ አገር የኖርኩት ዕድሜ ሁሉ፣ ጥርስ የሚሰብር ነጭ።
ከሥሩ ክሮቹ ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ አራት፤
አንዱ ጥቁር ወፈር ብሎ ቆመ።
ይሄ ነው አልኩ፤ መርፌው በእጄ ተንቀጠቀጠ።
ከዚያ ራሴን ታዘብኩ። የይሁዳ ጎርፍ
የባይህን በሬ ከየት ያውቃል?

ዝቅ ብሎ ሦስት ጣት የሚያህል ቦታ አለ፤
ምድር አንድ ቀን ተናውጣ፣ ክሩን ሁሉ በጣጥሳ
ነጩን ከጥቁሩ ያቦካችው።
ኤልናታን ሥራ ሲያስለምደኝ እዚያ ላይ መርፌዬን ያዘና
"እዚህ አይቆጠርም፤ ውፍረቱን ጻፊና እለፊ" ብሎኛል።

ይመኙሻል ጎርፉን ታወራለች፣ አንበጣውን ታወራለች፣
የወንድሞቼን ስም በየተራ፣ እስከ ድንበሩ ድረስ።
ገዳሪፍ ስትደርስ ዝም ትላለች፤
ሦስት ጣቷን ከጉልበቷ ላይ ታነሳለች፣
እና ታልፋለች።